«ፋየር» ማለት እሳት ብቻ ነው? የቃላት ዝርዝራችን የሚደብቀን ነገር

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከከተማዋ በታች፣ በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ጫካ ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ስሟን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሱ ሰዎች «ፎርቲ ስፕሪንግስ» ይሏታል። ትርጉሙ ልክ ነው። ግን እስቲ «ስፕሪንግ» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጉት። የውሃ ምንጭ ይላል። ጸደይም ይላል። የፍራሽና የመኪና ሞላም ይላል። መዝለል፣ መፈናጠርም አለበት። ከተማዋን የማያውቅ አንድ ቻይናዊ ወይም ብራዚላዊ ተማሪ ስሟን በእንግሊዝኛ ብቻ ቢያነብ «አርባ ጸደይ» ወይም «አርባ ሞላ» ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም።

እኛስ ብንሆን? «የዜና ምንጭ» ሲባል ጀሪካን ይዞ የሚሄድ ሰው የለም። «የገቢ ምንጭ» ስንልም ውሃ አናስብም። ምንጭ የሚለው ቃል ከጫካው ወጥቶ ጋዜጣ ውስጥና ባንክ ቤት ገብቷል፤ እኛም ሳናስተውለው አብረነው ሄደናል። በራሳችን ቋንቋ ይሄን ጉዞ ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን። በሰው ቋንቋ ሲሆን ግን ግራ ይገባናል።

ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ለዚህ ግራ መጋባት ትልቅ አስተዋጽኦ ያለውን፣ በጣም የለመድነውን ነገር ነው፦ ደብተራችን ላይ የምንጽፈውን የቃላት ዝርዝር። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው፣ በመሃል ደግሞ የእኩል ይሆናል ምልክት። ፋየር = እሳት። ዋተር = ውሃ። ሀውስ = ቤት። ለጀማሪ ይጠቅማል፤ እሱን አልክድም። ችግሩ ያለው መሃል ላይ ባለችው ምልክት ነው። በሂሳብ ሁለት ነገሮች እኩል ናቸው ካልን አንዱን በሌላው ቦታ የትም ብናስገባው ውጤቱ አይበላሽም። ቃላት ግን እንደዚህ አይሠሩም። ይህን ለማሳየት ከ«ፋየር» የተሻለ ቃል የለም።

አንድ ቃል፣ ሰባት ቦታ

እነዚህን ሰባት ዓረፍተ ነገሮች ተመልከቱ። ሁሉም እውነተኛ እንግሊዝኛ ናቸው፤ እኔ «ፋየር»ን ብቻ ትቼ ሌላውን አማርኛ አድርጌዋለሁ።

1. ጫካው ውስጥ ፋየር ተነሳ።
2. የጦር አዛዡ «ፋየር!» ብሎ አዘዘ።
3. ሥራ አስኪያጇ ጸሐፊውን ፋየር አደረገችው።
4. ሸክላ ሠሪዋ ማሰሮውን ፋየር አደረገችው።
5. ሚኒስትሩ ከጋዜጠኞች ፋየር ሥር ወደቁ።
6. የነርቭ ሴሉ ፋየር አደረገ።
7. ዘፈኑ ፋየር ነው!

አሁን የደብተራችሁን ዝርዝር አውጡና በሁሉም ቦታ «እሳት» አስገቡበት። አንደኛው ደህና ነው። ሁለተኛው ላይ ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ጥለው ውሃ ፍለጋ ይሮጣሉ። ሦስተኛው ላይ ሥራ አስኪያጇ ጸሐፊውን እሳት ለቀቀችበት ማለት ነው፤ ጉዳዩ ከሰው ኃይል አስተዳደር አልፎ ፖሊስ ጣቢያ ይደርሳል። ሰባተኛው ግን፣ የሚገርመው፣ ደህና ነው፤ እኛም አንድን ጎበዝ ተጫዋች «ልጁ እሳት ነው» እንላለን።

ብልህ ተማሪ ዝርዝሩን ያሰፋዋል። «ፋየር = እሳት፣ ተኩስ፣ ማባረር» ብሎ ይጽፋል። ይህ ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ነገር ግን አራተኛው ዓረፍተ ነገር ጋ ሲደርስ ሸክላ ሠሪዋ ማሰሮዋን ከሥራ ታባርረዋለች። ስለዚህ አራተኛ ፍቺ ይጨምራል፤ ከዚያ አምስተኛ፣ ከዚያ ስድስተኛ። ሲረዝም ዝርዝሩ የማይገናኙ ነገሮች የታጨቁበት ጆንያ ይሆናል። ጆንያ ደግሞ በቃል አይያዝም።

ትርጉሙ በየት በኩል ሄደ?

ዝርዝሩ የማይነግረን ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ እነዚህ ፍቺዎች ዘመዳሞች ናቸው። እናትና ልጅ፣ አክስትና የእህት ልጅ ዓይነት ናቸው።

መነሻው ነበልባሉ ነው። ቃሉ በጥንታዊ እንግሊዝኛ ነበረ፤ የጀርመንኛው «ፎየር» ወንድሙ ነው፤ የግሪክኛው «ፒር» ደግሞ የሩቅ ዘመዱ። ከዚህ ስም ግስ ወጣለት፦ እሳት መስጠት፣ መለኮስ።

ቀጥሎ ጠመንጃ መጣ። የጥንቶቹ መድፎችና ጠመንጃዎች የሚሠሩት ቃል በቃል እሳት በመስጠት ነበር። ባሩዱ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ የሚጨስ ገመድ ወይም የጋለ ነገር ይነካዋል። መሣሪያውን «ፋየር ማድረግ» ማለት መለኮስ ነበር። በኋላ ቴክኖሎጂው ተለወጠ፤ ገመዱ ቀረ፤ ቃታ ብቻ መሳብ በቂ ሆነ። ቃሉ ግን እዚያው ቀረ። ከጠመንጃው ተኩስ ደግሞ አምስተኛው ዓረፍተ ነገር ተወለደ፦ በጥያቄና በነቀፋ መደብደብ። እኛ «የትችት ውርጅብኝ» የምንለው ነው።

ከሥራ ማባረርስ? ብዙዎች «በቁጣ ስለሚነድ» ይመስላቸዋል። የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች በብዛት የሚሰጡት ማብራሪያ ግን ሌላ ነው። እንግሊዝኛ «ዲስቻርጅ» የሚል ቃል አለው፤ አንዱ ፍቺው መሣሪያን መተኮስ፣ ሌላው ሠራተኛን ማሰናበት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ሰዎች በቃላት እየቀለዱ «ዲስቻርጅ»ን በ«ፋየር» ተኩት። ቀልዱ ተረሳ፤ ቃሉ ቀረ። ስለዚህ የሥራ አስኪያጇ «ፋየር» የመጣው ከጠመንጃው እንጂ ከምድጃው አይደለም።

የሸክላ ሠሪዋ ግን በቀጥታ ከምድጃው ነው። ይህን ለማስረዳት ደግሞ የጋሞ ደጋ ከየትኛውም የእንግሊዝኛ መማሪያ ይበልጣል። በጋሞ ሸክላ የሚሠሩት «ማና» የሚባሉት ቤተሰቦች ናቸው። አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ጆን አርተር የጋሞን ሸክላ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 መጽሐፍ አሳትሞበታል፤ ዓለም ላይ ስለ ጥንት ሸክላ የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬ ጋሞን በዚህም ያውቋታል። ነገሩን በሳይንስ ዓይን ስናየው፣ ፀሐይ ላይ የደረቀ ማሰሮ ውሃ ቢፈስበት ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። እሳት ውስጥ ገብቶ ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ግን ከሸክላው ማዕድን ጋር በኬሚካል ተያይዞ የነበረው ውሃ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ማሰሮው ወደ ጭቃ አይመለስም። እንግሊዝኛ «ፋየር ማድረግ» የሚለው ይህን መመለሻ የሌለው ለውጥ ነው። ከንጹሕ ነበልባል ቀጥሎ ወደ እናቱ በጣም የሚቀርበው ፍቺም ይሄ ነው።

የነርቭ ሴል ለምን «ይተኩሳል»?

ስድስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ትንሽ እንቆይ። እዚህ ጋ ጉዳዩ ከቋንቋ አልፎ የሳይንስ ጉዳይ ይሆናልና።

የባዮሎጂ መጽሐፍ «ኒውሮን ፋየር ያደርጋል» ሲል ምን ማለቱ ነው? የነርቭ ሴል ባረፈበት ሰዓት ውስጡ ከውጪው ጋር ሲነጻጸር ወደ ነጌቲቭ 70 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። መልእክት ሲደርሰው ይህ ቁጥር ወደ ላይ ይገፋል። ግፊቱ ትንሽ ከሆነ ምንም አይፈጠርም፤ ተመልሶ ይረጋጋል። የተወሰነ ደረጃ ካለፈ ግን በሩ በአንዴ ይከፈታል፤ ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ በአንድ ሚሊሰከንድ አካባቢ ውስጥ ሙሉ የኤሌክትሪክ ምት ይወጣል። ግማሽ ምት የሚባል ነገር የለም። ወይ ሙሉው፣ ወይ ምንም።

አሁን ይሄ ከምኑ ጋር ይመሳሰላል? ከምድጃ ጋር? አይደለም። ምድጃ ላይ እንጨት ስትጨምሩ እሳቱ ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ስትቀንሱ ይቀንሳል። ከቃታ ጋር ነው የሚመሳሰለው። ቃታን ትንሽ ብትነኩት ጥይት አይወጣም፤ ልኩን ካለፈ ይወጣል፤ ጠንክራችሁ ስለሳባችሁ ደግሞ ጥይቱ አይፈጥንም። ሳይንቲስቶች ቃሉን የተዋሱት ከጠመንጃው ነው።

«ፋየር = እሳት» ብላ የያዘች የ11ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ስታነብ የሚሞቅ፣ የሚነድ ነርቭ ይታያታል። ቃሉን በእሳት ተርጉማው ዓረፍተ ነገሩን «ገባኝ» ብላ ልታልፍ ትችላለች። ያመለጣት ግን የትምህርቱ እምብርት ነው፦ ወይ ሙሉው ወይ ምንም የሚለው ሕግ። የተሳሳተ ፍቺ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ ያልገባንን ነገር የገባን ያስመስለዋል።

አማርኛም ይህን መንገድ ሄዶበታል

«እንግሊዞች ግን ለምን እንዲህ ያወሳስቡታል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ ወደ ራሳችን ቤት እንግባ።

«ሸሚዙን ተኮሰ።» «ጠመንጃውን ተኮሰ።» ሸሚዝና ጠመንጃ ምን አገናኛቸው? በተጨማሪ ከብት በጋለ ብረት ምልክት ሲደረግበት «ተተኮሰ» ይባላል፤ በባህል ሕክምናም ሕመምተኛ ይተኮሳል። ከዚያው ቤት የወጡ ሌሎችም አሉ፦ ትኩስ ሻይ፣ ትኩሳት፣ ትኩስ ዜና።

ክሩን ተከተሉት። መሃል ላይ ያለው ሙቀት ነው። የጋለ ብረት ቆዳ ላይ ሲያርፍ መተኮስ። የጋለ ካውያ ልብስ ላይ ሲያርፍ መተኮስ። ባሩድ በእሳት ሲነሳ መተኮስ። ሰውነት ሲግል ትኩሳት። ከምድጃ አሁን የወረደ ትኩስ፤ ስለዚህ ገና ያልቆየ ነገር ሁሉ ትኩስ፤ ስለዚህ ዜናም ትኩስ። አማርኛ ከሙቀት ተነስቶ ጠመንጃ ጋ የደረሰበት መንገድ እንግሊዝኛ ከሄደበት ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ነው። የእንግሊዝኛው «ሲዝፋየር» እና የእኛ «ተኩስ አቁም» ሁለቱም ሥራቸው ሙቀት ውስጥ ነው።

ይህ ማለት «ፋየር» ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ባዕድ አይደለም። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ለማስተማር አንድ መምህር «ተኮሰን አስታውሱ፤ እነሱም እንደኛው ከሙቀት ነው የጀመሩት» ቢል በቂ ነው። ዝርዝሩ ግን ይህን ድልድይ አያሳይም፤ ጭራሽ ይሸፍነዋል። «ፋየር = ተኩስ» ብሎ ብቻ ያልፋል።

ደሞ እሳት ራሱ ዝም ያለ ቃል አይደለም። «ኑሮ እሳት ሆነ» እንላለን፤ «እሳት የላሰ ልጅ» እንላለን። ስንናደድ «ነደደኝ» እንላለን። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ «ልጁ እሳት የላሰ ነው» ብትሉት ምላሱን እንዲያክሙለት ሐኪም ይጠራላችሁ ይሆናል።

ዘመዳም ያልሆኑትን መለየት

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ቃላት ሁሉ ዘመዳሞች አይደሉም።

«ሳለ» የሚለውን ውሰዱ። ጉንፋን የያዘው ሰው ሳለ። ሠዓሊው ሥዕል ሳለ። አራጁ ቢላዋውን ሳለ። እነዚህን ለማገናኘት ብትሞክሩ ተረት ትፈጥራላችሁ እንጂ መንገድ አታገኙም። በግዕዝ ሦስቱ የተለያዩ ቃላት ነበሩ፦ ሰዐለ፣ ሠዐለ፣ ሰሐለ። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ስለጣለ፣ ሠ እና ሰንም በድምፅ ስላልለየ፣ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ልብስ ለበሱ።

የሥነ ልሳን ሰዎች እነዚህን ሁለት ነገሮች ይለያሉ። እንደ «ተኮሰ» እና «ፋየር» ያለውን፣ አንድ ቃል ብዙ ቅርንጫፍ ሲያወጣ፣ ፖሊሴሚ ይሉታል። እንደ «ሳለ» ያለውን፣ የተለያዩ ቃላት በአጋጣሚ ሲመሳሰሉ፣ ሆሞኒሚ ይሉታል። ለተማሪ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት መንገዱን ከተረዳችሁት ግማሹ ሥራ አለቀ። የሁለተኛው መንገድ የለውም፤ በቃል መያዝ ብቻ ነው። የደብተር ዝርዝር ሁለቱንም አንድ ዓይነት ያደርጋቸዋል። ስለዚህ በመረዳት የሚያዘውንም በሽምደዳ እንድንይዘው ያስገድደናል።

ቻይናውያንስ ምን ይላሉ?

ከ«ፋየር» ጋር የሚታገሉት የእኛ ልጆች ብቻ አይደሉም። በቻይንኛ እሳት «ኹዎ» ነው። ባቡር «ኹዎ ቼ» ይባላል፤ ቃል በቃል የእሳት ሠረገላ። ቃሉ ሲፈጠር ባቡሩ የድንጋይ ከሰል እያነደደ ነበር የሚሄደው። የእኛ «ባቡር» ደግሞ በዓረብኛ በኩል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ መነሻው እንፋሎት ማለት ነው። አንዱን ማሽን ቻይናዊው ከሥሩ አየውና እሳት አለው፤ አውሮፓዊው ከላዩ አየውና እንፋሎት አለው። ዛሬ አዲስ አበባና ጅቡቲን የሚያገናኘው ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። እሳቱም እንፋሎቱም የቀሩት በስም ብቻ ነው።

የሚፈነዳውን ተራራ ቻይናውያን «ኹዎ ሻን» ይሉታል፤ የእሳት ተራራ። እኛ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ከተማ ተነስተን «እሳተ ገሞራ» አልነው። ሁለታችንም እሳትን አይተናል፤ ያስታወስነው ታሪክ ግን ይለያያል። ከሥራ መባረርን ደግሞ ቻይናውያን በቀልድ «ስኩዊድ መጥበስ» ይሉታል። ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ መጥበሻ ላይ ሲወድቅ ይጠቀለላል፤ የተባረረ ሠራተኛም ፍራሹን ጠቅልሎ ይሄዳል። አየሩ ሁሉ የእሳት ነው፤ እንግሊዝኛው በጠመንጃ፣ ቻይንኛው በመጥበሻ። ዝርዝሩ ግን «ፋየር = መባረር» ብሎ ሁለቱንም ታሪክ ይቀብራል።

መዝገበ ቃላቶቻችን ጋ ስንደርስ

ትችቱ ፍትሐዊ እንዲሆን፣ ይህን ችግር ቀድሞ የተረዳ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለት ትላልቅ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ወጡ። አንዱን አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር አዘጋጅተው ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አዲስ አበባ ላይ አሳተመው። ሌላውን ፖላንድ ተወልዶ አሜሪካ ያስተማረው የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው ጀርመን አገር አሳተመው። የሌስላው መጽሐፍ ስሙ ራሱ ሐሳቡን ይናገራል፤ የዐውድ መዝገበ ቃላት ነው። ቃልን ብቻውን አቁሞ ፍቺ ከመደርደር ይልቅ በሐረግና በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ እያንዳንዱን ወደ አማርኛ ይመልሳል። ማለትም ከላይ የደረደርናቸውን ዓይነት ዓረፍተ ነገሮች እየሰጠ ነው የሚሄደው።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ከ50 ዓመት በኋላ እንኳ ክፍል ውስጥ ያልደረስንበት እርምጃ ነው። ሁለት ጉድለት ግን አለበት። አንደኛ፣ የዐውድ መዝገበ ቃላት ቅርንጫፎቹን ያሳያል እንጂ ግንዱን አያሳይም። ፋየር እዚህ «ተኩስ»፣ እዚያ «ማባረር» እንደሆነ ትማራላችሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ሁለተኛ፣ ቃላት ቆመው አይጠብቁም። ለምሳሌ «ፋየርዎል» መጀመሪያ ቃጠሎ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው እንዳይዛመት የሚያግድ ግድግዳ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተራችንን ከጥቃት የሚጠብቅ ፕሮግራም ነው። በ1973 የታተመ መጽሐፍ ይህን እንዲያውቅ አይጠበቅም፤ ከዚያ ወዲህ ያለነው እኛ ግን ሥራውን መቀጠል ነበረብን።

ስልካችሁ ላይ ያለው ተርጓሚስ? ጉግል ትርጉም አማርኛን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስትሰጡት ዐውዱን ተጠቅሞ ከብዙዎቹ ፍቺዎች አንዱን ለመምረጥ ይሞክራል። አንዲት ቃል ብቻ ስትጽፉለት ግን የሚመርጥበት መሠረት ስለሌለው የድሮው ደብተር ዝርዝር ይሆናል። አጠቃቀማችን ካልተለወጠ አዲሱ መሣሪያ አሮጌውን ልማድ ብቻ ያፈጥነዋል።

ታማ፣ እሳት፣ ፋየር

እስካሁን ተማሪው አማርኛን ከናቱ ጓዳ እንደተማረ አድርጌ ነው ያወራሁት። በጨንቻ ወይም በቦንኬ ላለ ልጅ ግን እሳት መጀመሪያ እሳት አይደለም፤ «ታማ» ነው። ጋሞኛ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ሴማዊ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በሩን ከፈተ፤ በቀድሞው የደቡብ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ለረጅም ዓመታት ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው ወደ እንግሊዝኛ ይቀየር ነበር። የ11 ዓመት ልጅ ሳይንስን በእንግሊዝኛ ያነብ ነበር፤ የከበደውን ቃል ብዙ ጊዜ የሚያብራሩለት በአማርኛ ነበር፤ የሚያስበው ግን በጋሞኛ ነበር። ሁለት የእኩል ይሆናል ምልክቶች፦ ፋየር = እሳት = ታማ።

እያንዳንዷ ምልክት ትንሽ ነገር ታፈሳለች። በአማርኛ «ተኮሰ» ያልነው ድልድይ እንኳ የሚሠራው አማርኛ ውስጥ ለኖረ ነው። የጋሞ ልጅ የራሱ ድልድይ ያስፈልገዋል፤ ያም ጋሞኛ ውስጥ መፈለግ አለበት። ታማ ከየትኞቹ ግሶች ጋር ይሄዳል? ሸክላ እሳት ውስጥ ሲገባ ማና እናቶች ምን ይላሉ? ጠመንጃ ሲተኮስስ? ለንዴት፣ ለጎበዝ ልጅ፣ ለውድ ዕቃ ታማ ይባላል ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልሱን የሚያውቁት ቋንቋውን የሚናገሩት ናቸው፤ ምናልባት እናንተ ራሳችሁ።

የቃላት ዝርዝርን ከመጠን በላይ ማመን ምን ሊያስከትል እንደሚችል ይህ አካባቢ ከማንም በላይ ያውቃል። የሥነ ልሳን ሰዎች ቋንቋዎችን የሚያወዳድሩበት ታዋቂ ዝርዝር አለ፤ አሜሪካዊው ሞሪስ ስዋዴሽ ያዘጋጀው፣ 100 መሠረታዊ ቃላት ያሉት። «እሳት» ከነዚያ አንዱ ነው። በዚህ ቃል ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውሮኛ ይገጥማሉ፤ ሁሉም ታማ ይላሉ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ዝምድናን ለመለካት ጥሩ መሣሪያ ነው። ዝምድና ግን አንድነት አይደለም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአራቱን ስም መጀመሪያ ይዞ «ወጋጎዳ» የተባለ አንድ የጋራ የጽሑፍ ቋንቋ ተዘጋጅቶ መማሪያ መጻሕፍት ታተሙበት። መነሻው ቋንቋዎቹ ይቀራረባሉ የሚል ነበር፤ መቀራረባቸውም እውነት ነው። ሕዝቡ ግን መጻሕፍቱን ሲከፍት የራሱን ቋንቋ አላገኘም። በ1999 በወላይታ ተቃውሞ ተነሳ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። ጉዳዩ የማንነትና የፖለቲካም ነበር፤ በቃላት ብቻ አይገለጽም። ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምራል። ዝርዝር ላይ የገጠሙ ቃላት ሰው አፍ ውስጥ ሲገቡ የየራሳቸው ሕይወት አላቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ደብተራችሁን አትጣሉት። አሠራሩን ለውጡት። የእኩል ይሆናል ምልክቷን ሰርዙና በቦታዋ ዛፍ ሣሉ። ግንዱ ላይ «ፋየር፦ ነበልባል» ጻፉ። ከግንዱ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ሸክላ፣ አንድ ወደ ጠመንጃ ይውጣ። ከጠመንጃው ሦስት ቀንበጥ ይውጣ፤ ወደ ትችት፣ ወደ መባረር፣ ወደ ነርቭ ሴል። በየቅርንጫፉ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። አዲስ ፍቺ ስታገኙ «ይህ ከየትኛው ቅርንጫፍ ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ምናልባት እንደ «ሳለ» ያለ ባዕድ ነው፤ እሱን ለብቻው ያዙት።

ከዛፉ ጎን በራሳችሁ ቋንቋ ሌላ ዛፍ ሣሉ፦ አማርኛ ከሆነ «ተኮሰ»ን፣ ጋሞኛ ከሆነ «ታማ»ን። የሚገጥሙበትንና የሚለያዩበትን ምልክት አድርጉ። ይህ ጨዋታ ይመስላል እንጂ የሥነ ልሳን ባለሙያ የሚሠራው ሥራ ነው። ለጋሞኛ ደግሞ እንዲህ ተዘርዝሮ የተጻፈ ነገር ጥቂት ስለሆነ፣ ከአያታችሁ ጠይቃችሁ የምትጽፉት አንድ ገጽ ለመምህራችሁም ለተመራማሪም አዲስ ሊሆን ይችላል።

መምህራን ይህን የሚያነቡ ከሆነ ለእነሱም አንድ ጥያቄ አለኝ። ፈተና ላይ «የፋየር ትርጉም ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቅር። ዓረፍተ ነገር ስጡና «እዚህ ጋ ምን ማለት ነው? እንዴት አወቅህ? እንዴት አወቅሽ?» በሏቸው። ልጁ ያንን «እንዴት» መመለስ ከቻለ የነርቭ ሴሉም ምዕራፍ ላይ አይወድቅም።